አንጎሌ አንደኛ የወጣበት ቀን

ትናንት ማለዳ ሕልም አየሁ። በሕልሜ ስልኬ ጮኸ። ሳነሳው አንዲት ሴት ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደምትደውል ነገረችኝና የወላጆች ቀን ስለሆነ ቶሎ እንድመጣ አዘዘችኝ። ልጅ እንደሌለኝ ነገርኳት።

«ልጅ አላልኩሽም» አለችኝ። «እኔ የምልሽ አንጎልሽን ነው። አንደኛ ወጥቷል።»

እጄን ወደ ጭንቅላቴ ሰደድኩ። እንደ ባዶ ጀሪካን ቀሎኝ ነበር፤ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ድምፁም እንደዚያው ሆነ። በሕልም ሁሉም ነገር ተራ ነውና በዚህ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት በሰዓቱ ነው። በዚያ ቀን ዲፌንስ ነበረብኝ፤ ስንት ዓመት የደከምኩበትን የዶክትሬት ጥናቴን በመምህራን ፊት ቆሜ የምከላከልበት ቀን ነበር። የማጠናው የሰው አንጎል ሰውን መናቅ እንዴት እንደሚማር ነው። በአደባባይ የሚሳደበው፣ ንቀቱን አውቆ የሚናገረው ሰው የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ጉዳይ ማንንም አልንቅም ብሎ ከልቡ የሚምለው ሰው ነው፤ ሲምል አይዋሽም፤ ነገር ግን የአንድ ዓይነት ሰው ፊት ሲያይ ጣቱ ከሐሳቡ ቀድሞ «መጥፎ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ላብራቶሪዬ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ ፊቶች አሳየዋለሁ፣ ጣቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን እለካለሁ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያጠናሁበት አንጎል ነው ሳይነግረኝ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት የገባው።

ለባብሼ ወጣሁ። ዝናቡ ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንብ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ ከእግሩ ሥር ይዞ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ በሽተኞች ነጭ ጋውን ለብሰው የሐኪሞችን ደረት ያዳምጣሉ። እግራቸው በጀሶ የታሸገ አንዲት ባልቴት አንዱን ሐኪም ምላሱን እንዲያወጣ አዘዙት፤ ሲያወጣ ራሳቸውን ነቅንቀው ቶሎ መምጣት እንደነበረበት ነገሩት። አለፍ ብሎ የበግ ተራ ነበር። ሰዎች በገመድ ታስረው ቆመዋል፤ በጎቹ ወገብ ወገባቸውን እየጨበጡ ይመርጣሉ። ሳልፍ አንድ ሙክት እኔንም ጨበጥ አደረገኝና ወደ ጓደኛው ዞር አለ።

«ይቺን ተዋት» አለው። «ትምህርት ጨርሷታል።»

ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ ከፊት ሆኖ በገመድ ይጎትታል፤ ከኋላ ሁለት አህዮችና ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት ተሳፍረዋል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ሴትየዋ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ተመራማሪ እንደሆንኩ ስነግራት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነች። ይህን ስታደርግ እያየኋት መሆኔን ስታውቅ አፈረች።

«አይክፋሽ እኅቴ» አለችኝ። «አንቺን ብዬ አይደለም። የተመራማሪ ዓይን ያረፈበት ሰው ቁጥር ሆኖ ይቀራል ሲባል ስለምሰማ ነው።»

እኔም እንዲህ ያለው ነገር ተረት መሆኑን፣ የተማረ ሰው ዓይን ከሌላው ዓይን እንደማይለይ ረጋ ብዬ አስረዳኋት። ተስማማች። እንዲያውም እሷ ራሷ እንደማታምንበት ነገረችኝ። ከዚያ በቀጣዩ መታጠፊያ ባጃጁን አስቁማ ልጇን ታቅፋ ወረደች። አህዮቹ መውረጃዋ ገና እንደነበር ሲያወሩ ሰማሁ፤ ከዚያ እነሱም ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ መምህራኑ ዩኒፎርም ለብሰው ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ ተማሪዎቹ በየተራ እየዞሩ ጥፍራቸውን ይቆጣጠሯቸዋል። በኮሪደሩ ጥግ አንድ ሰው ተንበርክኮ አየሁ። ቀረብ ስል አማካሪዬ ዶክተር አንተነህ ነው፤ ጥናቴን ከመጀመሪያው ጀምሮ የመራኝ፣ ፊቱ መቆም እስካሁን የምፈራው ሰው። ከላይ ከረባቱን እንዳሰረ ነው፤ ከታች ቁምጣ ለብሷል። ምን አጥፍቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ማንን ትንቃላችሁ ብለው በየተራ ሲጠይቁን፣ እኔ ማንንም አልኩ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትክክለኛው መልስ የቱ እንደነበር ግን አልነገሩኝም።»

ርእሰ መምህሯ ዘንድ ስገባ እንዳማልደው ለመነኝ። ቃል ገባሁለት። ቃል እየገባሁለት ሳለ ግን የተንበረከከው እሱ በመሆኑ፣ እኔ ባለመሆኔ ደስ እያለኝ ነበር።

ቢሮ ስገባ ርእሰ መምህሯን አወቅኋቸው። ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። በእውኑ ዓለም ወይዘሮ አስካለ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በሚኖሩበት አካባቢ ሰው ድስትና ጀበናቸውን ይገዛል፤ ቤታቸው ግን አይገባም፣ ከእሳቸውም ጋር አይበላም፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ለጥናቴ ላብራቶሪ መጥተው በነበረ ጊዜ የወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር የተቀመጡት፤ ደገፍ በሉ ብላቸውም እንቢ ብለው ነበር። በሕልሜ ሰፊ የቆዳ ወንበር ላይ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ራሴን የወንበሩ ጫፍ ላይ አገኘሁት።

ሻይ አስመጡልኝ። ጠጥቼ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ጸሐፊያቸው በጨርቅ ይዛ አነሳችውና በመስኮት ወርውራ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠችው። ሲሰበር ሰማሁት።

«አይክፋሽ ልጄ» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ በጨዋ ድምፅ። «እኔ በግሌ ምንም የለብኝም። እንዲያውም ከወዳጆቼ መካከል ዶክተሮች አሉ። ግን ካልተሰበረ በብርጭቆው ሌላ ሰው ይጠጣበታል።»

አመሰገንኳቸው። ብርጭቆው ሲሰበር አልከፋኝም ነበር። የከፋኝ ማመስገኔ ነው፤ አፌ ራሱ ነው ያመሰገነው፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ብድግ ብዬ ጎንበስም ብያለሁ። የዶክተር አንተነህን ጉዳይ ላነሳ አስቤ፣ ከዚህ በላይ ዓይናቸው ውስጥ መግባት ፈርቼ ተውኩት።

ቀጥለው አንድ ክፍል አሳዩኝ። ልጆች በየኮምፒውተሩ ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው ላይ የኔ ፊት በትልቁ በርቷል። ከፊቴ ሥር አንዴ «ንጹሕ»፣ አንዴ «ቆሻሻ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ልጆቹ ቶሎ ብለው አንዱን ቁልፍ ይጫናሉ። ፈተናውን ገና በሩ ላይ ሆኜ ነው ያወቅሁት፤ የራሴ ፈተና ነው፣ የቀለሙ ምርጫ እንኳ የራሴ ነው። «ቆሻሻ» ሲል የልጆቹ ጣት እንዴት እንደሚፈጥን ልነግራችሁ አልችልም። ክፋት አልነበራቸውም። አንዷ ሻርፔን አይታ ያምራል ብላኛለች፣ እየተጫነች። ከመካከላቸው አንድ እንኳ የሚያመነታ ጣት እፈልግ ጀመር። መጨረሻው ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ቁልፉን ሳትነካ ቆየች፤ ልቤ ሞቀ። ጠጋ ብዬ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል።

«ክፋት አይደለም» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ። «ለጥናት ነው።»

ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ሆንን። የወላጆች ቀኑና ዲፌንሱ አንድ ላይ ሆነው ነበር። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ መሐል ወይዘሮ አስካለ፣ ከግራና ከቀኛቸው የጣታቸውን ፍጥነት የለካሁባቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሰሌን ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን አቅፈዋል። ከፊተኛው ረድፍ አንጎሌ ተቀምጧል።

ትንሽ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ያክላል። በልጅነቴ የለበስኩትን ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ፊት የለውም፤ ቢሆንም ሲያየኝ እንደሳቀ አወቅሁ። እጁን አውለበለበልኝ። ሰው እያየ ስለነበር እኔ አላውለበለብኩለትም።

ወይዘሮ አስካለ ተነስተው ስለ እሱ ተናገሩ። ሌሎች ተማሪዎች የተማሩትን ግማሹን እንደሚረሱ፣ ይህኛው ግን ማንም ሳያስተምረው፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ አንድም ቀን ሳይቀጣ እንደተማረና አንዲትም ነገር እንዳልረሳ ነገሩን። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያውቀውን እንዲያሳይ ጠሩት። ሹራቡን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጎ ወጣ።

«ማንም አልነገረኝም» ብሎ ጀመረ። ድምፁ የኔ የልጅነት ድምፅ ነበር። «አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ገበያ ስንሄድ ገንቦ የተሸከመች ሴት ባጠገባችን አለፈች። እናቴ ምንም አላለችም። እጄን ብቻ ጠበቅ አደረገችው። ገባኝ።»

አዳራሹ አጨበጨበለት። እሱም ዞር ብሎ አየኝ።

ቀጠለ። ቤታችን ድራማ ሲታይ ዘበኛው አፉን በከፈተ ቁጥር ሁሉም ይስቁ እንደነበር ተናገረ። ዘበኛው የሚያስቅ ነገር አልተናገረም ነበር፤ የሚያስቀው አነጋገሩ ብቻ እንደሆነ ከሳቁ ተረዳ። የቤት ሠራተኛችንን በጣም ይወዳት እንደነበር፣ እሷም ትወደው እንደነበር፣ ግን ገበታ ሲቀርብ ሂጂ ሳትባል ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ እንደምትገባ ተናገረ። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እንደ ጠረጴዛውና እንደ ወንበሩ የቤቱ ሥርዓት መስሎት ነበር፤ እሱም ገባው። እያንዳንዱን ሲጨርስ ይጨበጨባል፤ በተጨበጨበ ቁጥር እሱ ወደ እኔ ይመለከታል።

የተናገረው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባላፈርኩ። ደስታው ነው ያሳፈረኝ። እንግዳ ፊት ሀ ሁ እንደሚቆጥር ሕፃን ነበር የሚሆነው። እንድኮራበት ይፈልጋል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም እንዲል ምልክት ሰጠሁት። አይቶኛል፤ ግን የበለጠ ጮክ እንዲል የጠየቅሁት መሰለው።

«የመጨረሻውን የተማርኩት ላብራቶሪ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስሜንም ጠራ። «ቤዛዊት ፊቶች ታሳያለች። አንዱን ፊት ‹ንጹሕ› ከሚለው ቃል ጋር፣ ሌላውን ፊት ‹ቆሻሻ› ከሚለው ጋር ታደርጋለች። ሰው ሁሉ ፈተና መስሎት ነበር። እኔ ከኋላዋ ቁጭ ብዬ አጠናሁት። እንደ እሷ ደጋግሞ ያስጠናኝ ሰው የለም።»

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሰሌን ላይ የተቀመጡት መምህራን ሳይቀሩ ተነሱ። ወይዘሮ አስካለ ሰዉ እስኪረጋጋ ጠበቁና ወላጆች ወደተቀመጡበት ተመለከቱ።

«የዚህ አንጎል ወላጅ ማን ናት?» አሉ። «ትነሳና ሽልማቱን ትቀበል።»

ከሌሎቹ ጋር ቆሜ ነበር። ሰዉ ሲቀመጥ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? የተጠራችው ሴት ማን እንደሆነች ለማየት የፈለግሁ መስዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከኋላዬ የባጃጁ አህዮች ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ስዞር እነሱም ወደ ኋላ ዞሩ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። እኔን ገና ማንም አልጠየቀኝም። «እኔ የመጣሁት ለጥናት ነው።»

አንጎሌ መድረኩ ላይ ብቻውን ቆሟል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቢያለቅስ ልጁ ደክሞታል ብዬ ነገሩን አለባብሰው ነበር። አላለቀሰም። አዲስ ቃል እንደሰማ ልጅ ትንሽ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ወይዘሮ አስካለ ምን እንደገባው ጠየቁት።

«ምንም» አላቸው። «እኔ በግሌ ምንም የለብኝም። ማንንም አልንቅም። ሰው ሁሉ እኩል ነው።» ድምፁ የልጅ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። የኔው ድምፅ ነበር፤ ስብሰባ ላይ የምናገርበት፣ ለስለስ ያለው።

የዚያን ጊዜው ጭብጨባ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከተማራቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን አሁን፣ ዓይናችን እያየ ተማረ እያሉ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እዚያው ዶክተር መሆኔ ታወጀ። ካባ አለበሱኝ፤ ካባው ሞቃት ነበር፣ ሌላ ሰው ገና አውልቆት እንደሄደ ሁሉ። ዶክተር አንተነህ ኮሪደሩ ላይ እንደተንበረከከ ሲያጨበጭብ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ አንድም ሰው ግን ቀርቦ አልጨበጠኝም። ከሩቅ ጎንበስ ይላሉ። ባጃጅ ውስጥ ያገኘኋት ሴትም እዚያ ነበረች፤ የልጇን ፊት እንደሸፈነች ጎንበስ አለችልኝ።

ወይዘሮ አስካለ ከመድረክ ወርደው አንጎሌን በሹራቡ እጅጌ ይዘው አመጡልኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

«ውሰጂው» አሉኝ። «እኛ ዘንድ የቀረው ትምህርት የለም።»

በዚያ ሕልም ውስጥ ከልቤ የተናገርኩት አንድ ነገር ቢኖር ያን ጊዜ የተናገርኩት ነው። ትንሽ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ቢቆይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ቢያስተምሩት ብዬ ለመንኳቸው።

«እኛማ መቼ አስተማርነው?» አሉኝ።

ተሸከምኩት። ካሰብኩት በላይ ይከብዳል፣ ይሞቃልም። አዳራሹን አቋርጬ ስወጣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀልኝ ነበር። በር ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና ዛሬ ጎበዝ ነበርኩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ጉብታ ዘለለና ነቃሁ።

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነበር። ዲፌንሴ በእርግጥም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ክንዶች ነው። ስተኛ እግሬ ሥር ያስቀመጥኩት የላፕቶፕ ቦርሳ ደረቴ ላይ ነበር፤ በሁለት ክንዴ አጥብቄ አቅፌዋለሁ፣ ማንገቻውን እጄ ላይ ጠምጥሜዋለሁ። መቼ እንዳነሳሁት አላስታውስም።

ሻሸመኔ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ኮታቸው ትከሻው ላይ ተጥፏል፤ ጫማቸውን ጭቃ በልቶታል። ሲገቡ ሰላም ብለውኝ ነበር፤ ሰላምታቸውን መልሼ፣ ምንም ሳላስብ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አሁን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ከፊታችን ባለው ወንበር መደገፊያ ጫፍ ላይ፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አስቀምጠዋል። ወንበሩን አልያዙትም። እጅጌያቸው ወደ ክርናቸው ተንሸራቷል፣ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። አሟቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ደኅና ነኝ» አሉኝ። «እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር በእንቅልፍሽ እየባነንሽ ቦርሳሽን ትስቢ ነበር። የደከመሽ መሰለኝ። ተኝተሽ እንድታርፊ ብዬ ነው፣ እጄን ከቦርሳሽ አርቄ እንዲህ ያደረግሁት።»

የት እንደደረስን ጠየቅኋቸው። ሞጆ ልንገባ ነው አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደተቀመጡ ሳልጠይቃቸው፣ ከዝዋይ ወዲህ መሆኑን ነገሩኝ። ቦርሳውን ወደ እግሬ ሥር ለመመለስ ሞከርኩ። ማንገቻው እጄ ላይ ተወሳስቦ አልፈታ አለኝ፤ እሳቸው ደግሞ እጃቸውን እንዳነሱ ስለነበሩ ሊያግዙኝ አልቻሉም።

«አሁን ነቅተሻል አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ። «እጄን ላውርድ?»